የቢጫዋ በቅሎ ስንብት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የእኛ ጉድ ግን መስከረም ከጠባ በኋላ፣ ኅዳር ሲጋመስ ነው የመጣው። በእኛ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆቹ ሰማንያ ሰባት መሆኑ ነው። ለአንድ የበረዶ ሞተር ሽማግሌ ተላከ። ለጋብቻ አይደለም፣ ለደም ዕርቅም አይደለም። ፈረጅ የሚባል የወሎ ሰው የኖረበትን ቢጫ ሞተር ትቶ ቀዩን ልግዛ ወይስ አልግዛ ብሎ እንቅልፍ ስላጣ ነው። ሽማግሌዎቹን በታክሲዬ ጭኜ የወሰድኳቸው እኔ ወንድይፍራው ነኝ፤ የተረጎምኩትም እኔው ነኝ። ሶ፣ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ሰፈራችን ፌርፋክስ ላይ ታሪኩን ሌላ ዓይነት አድርጎ የሚያወራ ካጋጠማችሁ አትስሙት።

መጀመሪያ ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። ፈረጅ አጠር ያለ፣ ደረተ ሰፊ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ሰው ነው። የተወለደው ሐይቅ አካባቢ ነው። አባቱ ከባቲ ገበያ በበቅሎ ጨው እየጫኑ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። እሱ በሱዳን በኩል ወጥቶ ሎስ አንጀለስ ሲገባ እንደ ሁላችንም የተገኘውን ሠራ። ከሰኞ እስከ ዐርብ ሃውቶርን ውስጥ አንድ አፓርትመንት ግቢ ቧንቧ ይጠግናል፣ ግድግዳ ይቀባል። የበረዶው ወራት ሲገባ ግን ዐርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አሮጌ ፒክአፑን አስነስቶ ወደ ተራራ ይወጣል።

የምን በረዶ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ፌርፋክስ ላይ ታኅሣሥም በሸሚዝ ነው የሚኬደው። ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ድራይቭ ካደረጋችሁ ቢግ ቤር የሚባል ተራራ ታገኛላችሁ፤ በረዶው የሰው ወገብ ይደርሳል። እዚያ፣ ከጥዱ መሃል የተበታተኑ የእንጨት ቤቶች አሉ፤ መንገዳቸውን የሚጠርግ የለም። ነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ በረዶ ሲጥል ቤታቸው ተዘግተው ይከርማሉ። ፈረጅ መጀመሪያ የሄደው አንድ ሎጅ ውስጥ አንሶላ ሊያጥብ ነበር። አንድ ወቅት ዝም ብሎ አየና ነገሩ ገባው። ለእነዚህ ሰዎች ዳቦ፣ ወተት፣ መድኃኒት፣ የማገዶ እንጨት የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ስኖሞቢል ያስፈልጋል።

ስኖሞቢል ምን እንደሆነ ለማያውቅ፣ ሞተርሳይክል በሉት፤ ጎማ ግን የለውም። ከፊቱ ሁለት መንሸራተቻ፣ ከሥሩ እንደ ታንክ የሚሽከረከር ሰንሰለት አለው። ከኋላው ዕቃ የሚጫንበት ተጎታች ይታሰርበታል። እኛ ሰፈር የበረዶ ሞተር እንለዋለን። ፈረጅ ግን በቅሎዬ ነው የሚለው።

በተራራው ከተማ ሃል የሚባል ፊቱ ቀይ፣ እጁ አካፋ የሚያህል ሽማግሌ ነበር። ኖርድማን የሚባለውን ቢጫ ስኖሞቢል ብቻ ነው የሚሸጠው። ፈረጅ ሱቁ ገባና ሞተሮቹን አየ፣ ነካካ፣ ወጣ። በሳምንቱ ደግሞ መጣ፤ አየ፣ ነካካ፣ ወጣ። በሌላ ቀን ሃል ራሱ ጠራውና "ነድተህ ታውቃለህ?" ሲለው፣ ፈረጅ "በቅሎ ነድቻለሁ" አለው። ሃል ሳቀና ይዞት ወደ በረዶው ወጣ። ብዙ እሑድ አስተማረው። ፈረጅ በፊቱ ተተከለ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ተተከለ። ሁልጊዜ ዓይኑን መንሸራተቻው ጫፍ ላይ ስለሚተክል ነበር የሚወድቀው። ሃል አገጩን በእጁ ይዞ ቀና አደረገውና "ከፊትህ ያለውን በረዶ አትይ፤ ሩቅ እይ። ማሽኑ ዓይንህ ወዳለበት ይሄዳል" አለው። ከዚያ ባንክ የማያውቀውን፣ ዋስ የሌለውን ስደተኛ፣ ያለ ፊርማ አንድ ያገለገለ ቢጫ አስረክቦት "ይህን ወቅት ሥራባት፤ ከሆነልህ ያንተ ናት፣ ካልሆነልህ መልሳት" ብሎ ለቀቀው።

ሆነለት። አቤት ሲሆንለት! ተጎታቹን ሲጭን አባቱ በቅሎ ሲጭኑ እንደነበረው ነው፤ ግራና ቀኙን አመዛዝኖ፣ የሚሰበረውን ከላይ፣ የሚረጥበውን ከመሃል አድርጎ፣ በጠፍር ሸብ። አንድ ጊዜ ተራራው ላይ የማይቆም ዶፍ በረዶ ሲጥል፣ ያን ሰሞን ከእሱ በቀር ወደ ጥዱ የገባ ሰው አልነበረም። ሁሉም ቤት ደረሰ። እንቁላል እንኳ አልሰበረም። ሃል ፎቶ አንስቶ፣ ፈረጅን ከነቢጫዋ በትልቁ አሳትሞ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። እኛም ፌርፋክስ ላይ ሆነን ኮራን። የወሎ ልጅ በረዶ ላይ እየጋለበ ፈረንጅ ሲቀልብ ያልኮራን በምን ልንኮራ ነው? ስሙንም ፈረጅ በረዶ አልነው።

አሁን ወደ ጭንቁ ልምጣ። በሰማንያ ቢጫዋ አረጀች፤ ሞተሯ ጨርሶ ደከመ። አዲስ መግዛት ግድ ሆነ። እንግዲህ ሃል ዘንድ ሄዶ ሌላ ቢጫ መግዛት ነዋ፣ ይህ ምን ያስጨንቃል ትላላችሁ። ባለቤቱ ራዲያ፣ ፌርፋክስ ላይ የቅመም መደብር የምትሠራዋ፣ በርበሬ ልገዛ በገባሁ ቀን ሚዛኑን ትታ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

"ወንድይፍራው፣ አንተን ይሰማሃል፤ ንገርልኝ" አለችኝ።

"ምን ልንገርልሽ?"

"ትከሻው አልቋል። ያቺ ቢጫ በገመድ ነው የምትነሳው። በብርድ አሥሬ ሲጎትታት ቀኝ ትከሻው አለቀ። ሐኪሙ ይህን መጎተት ካልተውክ እጅህን እርሳው ብሎታል።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሲሰግድ አየዋለሁ። አላሁ አክበር ሲል ግራው ጆሮው ይደርሳል፣ ቀኙ ከደረቱ አያልፍም። ለአላህ ያልተነሳ እጅ ለሃል ብረት ይነሳል? ንገረኝ እስኪ።"

እነግረዋለሁ አልኳት። በርበሬዬን ይዤ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃል ሱቅ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ካዙሞ የሚባለውን የጃፓን ስኖሞቢል የሚሸጥ ሱቅ ተከፍቷል። ቀይ ነው። እንደ መኪና በቁልፍ ነው የሚነሳው፤ ገመድ የለ፣ መጎተት የለ። የሃል ደንበኞች አንድ ባንድ ወደ ቀዩ ተሻግረው አልቀዋል። በቢጫው የቀረው ፈረጅ ነው። ከቢጫው ከቆየ ትከሻው ያልቅና ተራራው ይቀርበታል፤ ወደ ቀዩ ከተሻገረ ደግሞ ያስተማረውን፣ ያመነውን ሰው በቁሙ ቀበረው ማለት ነው።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ከሥራ መልስ ታክሲ ነጂዎች የምንሰባሰብባት ምግብ ቤት ውስጥ፣ በረዶን ከፍሪጅ ውጭ አይቶ የማያውቅ ሁሉ ሊቅ ሆነ። አንዱ አባቱ ዕድሜ ልካቸውን ከፔዦ በቀር ነድተው እንደማያውቁ እየማለ ነገረን። ሌላው ጃፓን ያልሠራው ሁሉ ቆርቆሮ ነው አለ። ክፍሉ የሚባለው ነገረኛ ደግሞ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ብሎ ተረተበት። ቀዩ ጫካ መሃል ቢቆምበት ማን ሊያወጣው ነው አለ።

እኔም አላስጨረስኩትም። "ያንተ መኪና ኦሎምፒክ መንገድ ላይ ስትቆም የምንገፋልህ እኛ አይደለንም? አርፈህ ብላ" አልኩት።

ፈረጅ ጥግ ላይ ሻዩን ይዞ ሁሉንም አዳመጠ። በመጨረሻ "ማሽኑማ ቀዩ ይሻላል። ያን እኔም አውቃለሁ" አለ። ሁላችንም ዞርን። "ግን የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ አልሆንም። ሃል መስኮቱ ጋ ነው የሚቀመጠው። በቀዩ ሆኜ በዚያ መስኮት ፊት እንዴት ነው የማልፈው?"

"እሺ ትከሻዬን አሞኛል በለዋ" አልኩት። "ሰው አይደለም እንዴ፣ ይገባዋል።"

"እንዳትነግሩት። ካወቀ አዝኖልኝ ይለቀኛል። ሰው አዝኖልህ ሲለቅህና ወዶ ሲለቅህ አንድ አይደለም።"

አያችሁ እንግዲህ። እንዲህ ያለ ድርቅ ያለ ሰው ነው። ቢያናድደኝም ደስ አለኝ።

መላውን ያመጡት ጋሼ መኩሪያ ናቸው። ጋሼ መኩሪያ አዲስ አበባ የወረዳ ዳኛ ነበሩ፤ አሁን ካልቨር ሲቲ አንድ ስቱዲዮ በር ላይ ዘበኛ ናቸው። ዩኒፎርሙን ለብሰውም ዳኛ ነው የሚመስሉት። እጃቸውን ታጥበው፣ አድርቀው፣ ከዚያ ነው የተናገሩት።

"ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል" አሉ። "የሰው ቤት ትቶ መውጣት ነውር አይደለም። ነውሩ አወጣጡ ላይ ነው። ይህ ሰው ለፈረጅ እንደ አባት ነው። ከአባት ቤት በጓሮ አይወጣም። ሽማግሌ ይላክና ስንብት ይጠየቅ።"

"ጋሼ፣ ፈረንጅ እኮ ሽማግሌ አያውቅም" አልኳቸው።

"አያውቅም ማለት አይገባውም ማለት አይደለም። አንተ ነህ ደግሞ የምትተረጉመው።"

እንዲህ ሆኜ ተያዝኩ። ከወሎ ወገን ደግሞ ሸህ ጀላሉዲን ተመረጡ፤ ሎንግ ቢች ወደብ መጋዘን ውስጥ የሚሠሩ፣ ንግግራቸው ጥቂት፣ ዱኣቸው ግን ሰማይ ይደርሳል የሚባልላቸው ሰው። ፈረጅ መጀመሪያ እምቢ አለ። ሸሁ "አብሽር፣ ክብር ሰጥቶ መጠየቅ ማንንም አዋርዶ አያውቅም" ሲሉት አንገቱን ደፋ።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሳን። ጋሼ መኩሪያ ጥቁር ሱፍ፣ ባርኔጣ፣ ከላይ ነጠላ። ሸሁ ነጭ ጥምጣም፣ ከጀለቢያው ላይ የእኔ የዝናብ ካፖርት። እኔ የሠርጌን ሱፍ ለብሻለሁ፤ ሆዴ ላይ አልቆለፍ ብሎኛል። ፈረጅና ራዲያ አሮጊቷን ቢጫ በተጎታች ጭነው በፒክአፑ ከኋላችን ተከተሉን። ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይገባምና፣ ውጭ መኪና ውስጥ እንዲጠብቁ ተነገራቸው። ሱቁ በር ላይ ፓርክ አድርጌ ስንወርድ፣ ሸሁ በሚያብረቀርቅ ጫማቸው በረዶውን ረገጡና ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ሰመጡ። ጎንበስ ብለው አዩት። "በዚህ ላይ ነው የሚነዳው?" አሉኝ። አዎ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሃል ከመስኮቱ አጠገብ ተነሳ። አንዱ ነጠላ፣ አንዱ ጥምጣም፣ አንዱ ሆዱ የማይቆለፍ ሱፍ የለበሱ ሦስት ሰዎች ተሰልፈው ሲቆሙበት ምን ያስብ?

"ባንኩ ነው የላካችሁ?" አለን።

"አይደለም።"

"ከመንግሥት ናችሁ?"

"አይደለንም። የፈረጅ ሰዎች ነን" ስለው ፊቱ ፈታ አለ። ወንበር ጠቆመን። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፤ ቆመው ቀሩ። "አይቀመጡም፣ መልስ እስኪሰጡ ድረስ" ብዬ ብነግረው፣ ሃል ወንበሮቹን አየት አድርጎ "ንጹህ ናቸው እኮ" አለ፣ ቅር ብሎት።

ጋሼ መኩሪያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ አየሩ ጠየቁ። አንድ ባንድ ተረጎምኩ። ሃል ደህና ነኝ፣ ደህና ናቸው፣ ብርድ ነው እያለ መለሰ። ከዚያ ወደ ነገሩ ገቡ።

"ልጃችን ፈረጅ በእርስዎ ቤት እንጀራ በልቷል" አሉ።

ልጃችን ቤትህ እንጀራ በልቷል ብዬ ቃል በቃል አስተላለፍኩ። ሃል ግንባሩን ቋጠረና "አንድ ቀን ሳንድዊች ተካፍለናል። ቱና ነበር መሰለኝ" አለ።

"ምን አለ?" አሉኝ ጋሼ።

"አዎ፣ በልቷል አለ።"

"መልካም። አልካደም" አሉና ቀጠሉ። "ያመኑት ማንም ሳያምነው ነው። ያስተማሩት ማንም ሳያስተምረው ነው። ውለታዎን በልቶ ዝም ያለ ሰው አይደለም። ዛሬ ግን ሌላ ሞተር መግዛት ግድ ሆኖበታል። ተደብቆ መሄድ ስላልፈለገ እኛን ላከ። በፊት ለፊት በር፣ ተመርቆ እንዲወጣ እንዲያሰናብቱት ልንለምን ነው የመጣን።"

ይህን ስተረጉም ሃል እኔን ማየት ተወ። በመስኮቱ ወደ ማዶው ቀይ ሱቅ አየ። ፊቱ ከረረ።

"ሶ እሱም ቀዩን ፈለገ" አለ። "ሁሉም ቀዩን ነው የሚፈልገው። የፈለገውን ያድርግ በሉት። ነፃ አገር ነው።"

ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። እኔ መልስ የተገኘ መስሎኝ ወደ በሩ ዞር ብዬ ነበር። ሸህ ጀላሉዲን ክንዴን ያዙኝ። "ይህ ፈቃድ አይደለም፣ ኩርፊያ ነው። በኩርፊያ አንሄድም" አሉ። ጋሼ መኩሪያም ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

ቆምን። ሃል ጨርቅ አንስቶ የጸዳ ሞተር ወለወለ። እኛ ቆምን። ስልክ ደወለ፣ አነሳ፣ ዘጋ። እኛ እዚያው ነን። እግሬ ሲደነዝዝ በልቤ ፈረጅን እየረገምኩ ነበር፤ ፊቴ ላይ ግን አላስነበብኩም። የአበሻ ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን ፈረንጅ ፊት አይነቃነቅም። በመጨረሻ ሃል ጨርቁን ወረወረና "እሱ የት ነው?" አለ። ውጭ ነው አልኩት። "ጥሩት" አለ።

ፈረጅ ኮፍያውን ይዞ ገባ፤ ራዲያ ከኋላው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ከራሱ ፎቶ ሥር ቆመ።

"ምን አጎደለችብህ?" አለው ሃል።

"ምንም።"

ሃል ወለሉ ላይ ወደ ቆመችው አዲስ ቢጫ ሄዶ መቀመጫዋን መታ መታ አደረገ። "የዘንድሮዋ ናት። አንድ ጊዜ ብቻ አስነሳትና ድምፅዋን ስማ። ከዚያ በኋላ ቀዩን እፈልጋለሁ በለኝ፣ እለቅሃለሁ።"

ፈረጅ ራዲያን አየ፣ እኛን አየ። ጎንበስ ብሎ የገመዱን እጀታ በግራው ያዘ።

"ከመቼ ወዲህ ነው በግራህ?" አለ ሃል።

ፈረጅ ወደ ቀኙ ቀየረ። ጎተተ። ገመዱ ግማሽ መንገድ መጥቶ ቆመ፤ የሰውዬው ፊት አመድ መሰለ። ሞተሯ ሳል ብላ ዝም አለች። ራዲያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፈረጅ ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ሊጎትት እጀታውን ሲያጠብቅ፣ ሃል አካፋ የሚያህለውን እጁን ከላይ አሳረፈበት።

"ተው" አለው። "ትከሻህ ነው? ከመቼ ጀምሮ?"

የመለሰችው ራዲያ ናት፤ በራሷ እንግሊዝኛ፣ የእኔን ትርጉም ሳትጠብቅ። "ሁለት የበረዶ ወቅት" አለችው።

"ሁለት ወቅት ሙሉ ይህን ገመድ በዚህ ትከሻ ትጎትታለህ? ባለ ቁልፉ እዚህ ማዶ ቆሞ?" ሃል ድምፁ ተሰበረ። "ለምን?"

"ያስተማርከኝ አንተ ነህ" አለ ፈረጅ።

ሃል ቢጫዋ ላይ ተቀመጠ። "ስንት ደንበኛ ወደዚያ ማዶ እንደተሻገረ አልነግርህም" አለ። "አንድም ሰው መጥቶ አልነገረኝም። የማውቀው በመስኮት ሳያቸው ነው፤ እዚህ ጋ ሲደርሱ ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ።" ከዚያ ወደ እኛ ዞረ፣ ከጥምጣሙ እስከ ባርኔጣው አየን። "ይህ ሰው ግን ደህና ሁን ሊለኝ እነዚህን ሰዎች ልኮ በእግራቸው አቆመልኝ።"

ይህን ስተረጉም አለቀስኩ አልላችሁም፤ የሱቁ ማሞቂያ ዓይኔን አቃጥሎት ይሆናል። ጋሼ መኩሪያ ግን በግልጽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"አሁን ተቀመጡ" አለን ሃል። "ለቅቄዋለሁ። በደስታ ነው።"

ሸሁ ይህን ለመስማት ነበር የጓጉት፤ ሳልጨርስላቸው ተቀመጡ። እፎይ ሳይሉ ግን ሃል ካፖርቱን ለበሰ። "እኔ ሳላይለት ማንም ማሽን አይሸጥለትም" ብሎ ፈረጅን በግራ ክንዱ ይዞ መንገዱን ተሻገረ። እኛም ተከተልን። የቀዩ ሱቅ ሻጭ የማዶው ሃል በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ ከኋላው ነጠላና ጥምጣም ሲከተል፣ የያዘውን ስኒ የሚያስቀምጥበት ጠፋው። ሃል ሽፋን አስከፈተ፣ ተንበርክኮ ሰንሰለት በጣቱ ለካ፣ አንዱን አልፈልገውም ብሎ ሌላውን ከመጋዘን አስወጣ። ልጁን የሚድር አባት እንኳ አማቹን እንዲህ አይመረምርም። በመጨረሻ አንዱን ቀይ በረዶው ላይ አስወጥቶ "ይቺ ትሆንሃለች" አለው።

ፈረጅ ሊቀመጥባት ሲል ሸህ ጀላሉዲን አስቆሙት። "ያሳደገ ሰው ሳይመርቅ አይኬድም" አሉኝ። "ንገረው።"

ለሃል ነገርኩት። "እኔ ጸሎት አላውቅም" አለ። ደንገጥ ብሏል።

"የሚያውቁትን ይበሉት" አሉ ጋሼ መኩሪያ።

ሃል ጓንቱን አወለቀ። በፈረጅ ደህናው ትከሻ ላይ እጁን አሳረፈ። ብዙ አሰበና፣ ያንኑ ድሮ ያስተማረውን ነገር፣ አገጩን ይዞ የነገረውን፣ ደገመለት። "ከፊትህ ያለውን በረዶ አትይ" አለው። "ሩቅ እይ።"

እኔ መተርጎም የምችለው መኪና ላይ ሳለሁ ብቻ ነው እያሉ የሚያሙኝ አሉ። ያን ቀን ግን አምላክ አፌን ከፈተልኝ። "ዓይንህ ሩቅ ይይ፤ መንገድህም ዓይንህ ወዳረፈበት ያድርስህ" ብዬ በአማርኛ አወጣሁት። ጋሼ መኩሪያ "አሜን" አሉ። ሸሁ መዳፋቸውን ዘርግተው "አሚን" አሉ፣ ራዲያም ከእሳቸው ጋር። ሃል ግራና ቀኙን አይቶ፣ ኋላ ላለመቅረት "ኤይመን" አለ። ፈረጅ ተቀመጠ፣ ቁልፉን በሁለት ጣቱ አዞረ፣ ቀዩ ተነሳ። ራዲያ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል ሳቀች።

ሲያልቅ አያምር የሚሉት ተረት አለ። እኔም ሲያልቅ ያማረ ነገር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አሮጊቷን ቢጫ ሃል አልሸጣትም፤ በሩ ላይ አቆማት። በሚያዝያ በርበሬ ልገዛ ስገባ ራዲያ ሚዛኑን ትታ "ቀኙም ጆሮው ደረሰ፣ አልሃምዱሊላህ" አለችኝ። ዛሬም ፌርፋክስ ላይ ስለ ፈረጅ ስጠየቅ ደረቴ ይነፋል፤ ለምን አይነፋም?

በሚቀጥለው ዓመት በረዶው ሲጥል ቤተሰቤን ይዤ ወጣሁና ሃል ሱቅ ጎራ አልኩ። ግድግዳውን ሳይ አዲስ ፎቶ ተሰቅሏል። ያው የድሮው ፎቶ ከጎኑ አለ፤ በአዲሱ ግን ፈረጅ ቀዩ ላይ ሆኖ ነው፣ ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ። እኔ ሳልጠይቅ አንድ ፈረንጅ ገዢ ቀደመኝና ሃልን "አንተ የምትሸጠው ቢጫ፣ የሰቀልከው ቀይ፤ ይህ ሰውዬ ማነው?" ብሎ ጠየቀው። ሃል ከመስኮቱ ጋ ቀና ሳይል "ደንበኛዬ ነው" አለው።